ስለ አረጋውያን የድባቴ ሕመምና ስለ መድኃኒቱ

በሐዋሳ ከተማ ለሕዝብ የተነገረ ትምህርት



ይህች የተሰበሰብንባት ከተማ በዕድሜዋ ገና ወጣት ናት። የሲዳማ አባቶች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት በነበረው፣ አዳሬ በሚባለው የሐይቅ ዳር መስክ ላይ በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ስትቆረቆር፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥተው ጎጆ የቀለሱባት፣ በእርሻው፣ በንግዱ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ ኋላም በፋብሪካው ጉልበታቸውን ያፈሰሱባት ጎረምሶችና ኮረዶች ዛሬ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሆነዋል። የቆዩ ከተሞች ሽማግሌዎቻቸውን እንዴት እንደሚጦሩ ከዘመን ብዛት የተማሩትን ነገር ሐዋሳ በዚህ በአንድ ትውልድ ውስጥ መማር ግድ ሆኖባታል፤ እኔም ከዚሁ ትምህርት አንዱን ክፍል፣ ይኸውም አረጋውያንን የሚያጠቃውን የድባቴ ሕመምና እርሱን በመድኃኒት የማከምን ነገር፣ በሚቻለኝ መጠን በግልጽ ለመናገር በፊታችሁ ቆሜአለሁ።

አስቀድሜ ሐሳቤን በአጭሩ ልግለጽ። ፀጉር እንደሚሸብት፣ ጉልበት እንደሚደክም ሁሉ ልብም በዕድሜ ብዛት ሊጨልም ግድ ነው ብሎ ማመን ስሕተት ነው፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ሰዎች የሚበዙት በዚህ ሕመም አይያዙምና፣ የተያዙትም ቢሆኑ በአግባቡ ሲታከሙ ብዙዎቹ ይድናሉና። ነገር ግን የሽማግሌ ሥጋ የጎልማሳ ሥጋ ስላልሆነ፣ ለጎልማሳው የታዘዘው መድኃኒት በዚያው መጠን፣ በዚያው ችኰላ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ለሽማግሌው ቢሰጥ፣ ይፈውሳል የተባለው ራሱ ሌላ ደዌ ይወልዳል። ንግግሬ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች መካከል የሚመላለስ ነው።

ሕመሙ በሽማግሌ ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ራሱን ሸሽጎ ይመጣል። ወጣቱ «ከፋኝ፣ አልቅስ አልቅስ ይለኛል» ብሎ ሊናገር ይችላል፤ ሽማግሌው ግን ልቅሶን ለሐዘን ቤት ብቻ የፈቀደ፣ ብሶትን በሆድ መያዝን ጨዋነት አድርጎ ያደገ ነውና፣ ለሐኪሙ የሚያወራው ስለ ሥጋው ብቻ ነው፤ ራሴን ይወጋኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ እህል አስጠላኝ፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ ይላል። ሐኪሙም የራስ ምታት ክኒን፣ የጨጓራ ክኒን፣ የወገብ መርፌ እየሰጠ ይሸኘዋል። ቤተ ሰቡ በጥቂቱ ቢያስተውል ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ ሌሊት ተነሥተው ኪዳን ለማድረስ ወደ ቅዱስ ገብርኤል ይገሠግሡ የነበሩት አባት ፀሐይ ከወጣ በኋላም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ይተኛሉ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ለቡና ይጠሩ የነበሩት እናት ረከቦቱ አቧራ ሲለብስ ግድ የላቸውም፤ የልጅ ልጅ መጥቶ ቢስም ፊት አይፈታም፤ «ለእናንተ ሸክም ሆንሁ፣ ምነው በወሰደኝ» የሚል ቃል ይደጋገማል። ይህን የመሰለው ነገር ከሁለት ሳምንት በላይ ቀን በቀን ሳያቋርጥ ከቆየ የሕክምና ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። በቤቱ ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይባላል፤ በዚህ አንድ ቃል ሊድን የሚችል ሰው ሳይታከም ይቀራል።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሽማግሌ የሚያዝንበት በቂ ምክንያት የለውምን? የትዳር ጓደኛው ሞቷል፤ ባልንጀሮቹ አንድ በአንድ አልቀዋል፤ ጡረታው የገበያውን ዋጋ አይደርስበትም፤ ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዓረብ አገር፣ አንዱም ከዚህ ከደቡቡ አገራችን እንደሚሄዱት እንደ ብዙዎቹ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሐዘንም እንደ ሐዘንነቱ ደዌ አይደለም፣ ክኒንም አያሻውም። ነገር ግን ሐዘንና ድባቴ የሚለዩበትን መንገድ አባቶቻችን ሳይንሱን ሳያነቡ በሥርዓታቸው አስቀምጠውልናል እላለሁ። ሠልስቱን፣ ሰባቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ መንፈቁን፣ ሙት ዓመቱን የሠሩት ስለ ሟቹ ነፍስ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለቋሚውም ግን ሐዘኑን ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያወርድበት መሰላል ሆኖለታል። ጤነኛ ሐዘንተኛ በአርባው ቀን እንደ መጀመሪያው ቀን አያለቅስም፤ የሟቹ ደግነት ሲነሣ ዕንባና ፈገግታ ተቀላቅለው ይመጡበታል፤ ሰዎች ሲያጽናኑት ይጽናናል። ድባቴ የያዘው ግን ከዚያ መሰላል ላይ አይወርድም፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ሟቹን ከማሰብ ይልቅ ራሱን መክሰስ ያበዛል፤ ዐሥርና ሃያ ዓመት ያለፈውን ስሕተት እያነሣ «እግዚአብሔር የተወኝ ስለዚህ ነው» ይላል፤ ማጽናኛውም አይደርሰውም። ስለዚህ በሐዘን ላይ ያለውን ሽማግሌ ጊዜ ሰጥተን እንጠብቀዋለን፤ ይሁን እንጂ እህል ውኃ ከተወ፣ ወይም ሞትን ከመመኘት አልፎ ራሱን ስለ ማጥፋት ከተናገረ፣ አርባውም እስኪወጣ አይጠበቅም።

መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሐኪሙ ሊመረምራቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የኩላሊት ድካም፣ በዝግታ የመጣ የአንጎል ደም ሥር ጉዳት፣ እነዚህ ሁሉ የድባቴን መልክ ይዘው ሊመጡ ይችላሉና፣ ደም ተመርምሮ መንሥኤው ከተገኘ ሕክምናው ወደዚያ ይሄዳል። ደግሞም ድባቴ የያዘው ሽማግሌ ልቡናው ስለሚበተን «ሁሉን ነገር እረሳለሁ» ይላል፤ ቤተ ሰቡም የመርሳት ሕመም ይዞታል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ እንዲህ ያለው ሰው ድባቴው ሲታከምለት የማስታወስ ኃይሉ የሚመለስበት ጊዜ አለ። በወጣትነቱ ያለ ልክ የመፈንደቅ፣ እንቅልፍ የማጣት፣ ገንዘብ የመበተን ዘመን ያለፈበት ሰው ከሆነም ይህ ለሐኪሙ ሊነገረው ይገባል፤ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው ያንን የቀድሞ ሕመም ሊቀሰቅስበት ይችላልና።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ ልለፍ። የድባቴ መድኃኒት የተገኘው ባልተፈለገበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በስታተን ደሴት በሚገኘው በሲ ቪው ሆስፒታል፣ አይፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሲሰጥ፣ ሳንባቸው ከመሻሉ በላይ ልባቸው ሲፈካ፣ ሲስቁና ሲበሉ ታዩ፤ ከዓመታትም በኋላ ናታን ክላይን የተባለው የአእምሮ ሐኪም ይህንኑ መድኃኒት ድባቴ ለያዛቸው ሰዎች ሰጥቶ ውጤቱን አስታወቀ። በዚያው ዘመን በስዊስ አገር፣ እንደ ሐዋሳችን በሐይቅ ዳር በተሠራው በሙንስተርሊንገን ሆስፒታል፣ ሮላንድ ኩን የተባለ ሐኪም ለሌላ የአእምሮ ሕመም የታሰበውን ኢሚፕራሚንን ሲሞክር፣ የፈወሰው የታሰበውን ሕመም ሳይሆን ድባቴን ሆኖ አገኘው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1957 ለዓለም ገለጸ። አይፕሮኒያዚድ ጉበትን ስለሚጎዳ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ወጣ፤ የኢሚፕራሚን ወገን ግን ቀጠለ፤ ከእርሱም ዘር የሆነው አሚትሪፕቲሊን በ1960ዎቹ መባቻ ላይ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ ወደ ሕክምናው ገባ። ሌላ ወገን የሆነው ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአንጎል ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሱትን እንደ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ያሉትን ቅመሞች ያበዛሉ፤ ከዚህ አልፎ ልብን እንዴት እንደሚያበሩ ያለው ምሥጢር እስከ ዛሬ ተመርምሮ አላለቀም።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ማለት ለብዙ ዘመን አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ግን እዚሁ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣውን የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ መርሐ ግብርም ኢትዮጵያ ተቀብላ ስለምትሠራበት፣ የሠለጠነ ነርስና ጤና መኮንን ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ድባቴን መርምሮ ማከም የሚቻል ሆኗል። በዚያ መርሐ ግብር መጀመሪያ የተጠቀሱት የድባቴ መድኃኒቶች በዋናነት ሁለት ነበሩ፤ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን። ሁለቱም ዋጋቸው ርካሽ ነው፣ ሁለቱም ለጎልማሳ ይጠቅማሉ፤ ለሽማግሌው ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ የዛሬው ንግግሬ ጥቅም አለው ከተባለ በዋነኛነት ከዚህ ላይ ነው።

ሰው ሲያረጅ ኩላሊቱና ጉበቱ መድኃኒትን የማስወገድ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ በሰውነቱ ያለው ውኃ ያንሳል፣ ስቡም ይበዛል፤ ስለዚህ አንዲት ክኒን በጎልማሳው ሥጋ ከምትቆየው ይልቅ በእርሱ ዘንድ ረዝማ ትቆያለች። አሚትሪፕቲሊን በዚህ ሥጋ ላይ ሲያርፍ አፍን ያደርቃል፣ ቀድሞም ትንሽ የሚበላውን ሰው ሆድ ያደርቃል፤ ፕሮስቴቱ ያበጠበትን አባት ሽንት እስከ መከልከል ይደርሳል፤ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል፤ የልብን ምት ያዛባል፤ አንዳንዱንም እስከ መቃዠት ያደርሰዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰውየው ከመኝታው ብድግ ሲል የደም ግፊቱን በድንገት ስለሚጥለው፣ ሌሊት ለሽንት ተነሥቶ በጨለማ ወደ ጓሮ የሚወጣ ሽማግሌ ተዝለፍልፎ ይወድቃል፤ የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ በዚያ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የአልጋ ቁራኛ የሚያደርግ፣ ለሞትም የሚያደርስ ነው። ማርክ ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ የአረጋውያን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ያዘጋጀውና እስከ ዛሬ እየታደሰ የሚወጣው፣ ለሽማግሌዎች የማይመቹ መድኃኒቶች ዝርዝር አሚትሪፕቲሊንን የሚጨምረው ስለዚህ ነው። ሌላ መድኃኒት ከታጣና ይህኑ መስጠት ግድ ከሆነ፣ ልብ ተመርምሮ፣ ከአነስተኛ መጠን ተጀምሮ፣ በመኝታ ሰዓት፣ ከአልጋ ሲነሡ ጥቂት ተቀምጦ መቆየትን አስተምሮ ይሰጣል።

ፍሉኦክሰቲንና ወገኑ የሆነው ሰርትራሊን ለሽማግሌው ይሻላሉ፤ መሻላቸው ግን ጉዳት የለባቸውም ማለት አይደለም። ለጎልማሳ ፍሉኦክሰቲን በቀን 20 ሚሊግራም ሲጀመር፣ ለሽማግሌ በ10 ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የ20 ሚሊግራም እንክብል ስለሆነና መድኃኒቱም በሰውነት ውስጥ ለብዙ ቀናት የሚቆይ ስለሆነ፣ በስንት ቀን አንዱ እንደሚዋጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቤተ ሰብ በግምት የሚያደርገው አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል፤ እንቅልፍ ስለሚነሣም በጠዋት ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ ያለው የጨው ንጥረ ነገር፣ ሶዲየም የሚባለው፣ ሊወርድ ይችላልና፣ በተለይ ለደም ግፊት ሽንት የሚያሸና ክኒን የሚወስዱ አረጋውያን ድንገት ቢደክሙ፣ ቢደናገሩ ወይም ቢወድቁ ሳይውሉ ሳያድሩ ደማቸው ሊመረመር ይገባል። ይህ መድኃኒት ደግሞ ከአስፕሪን፣ ከዲክሎፌናክ ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል፤ ስንቱ ሽማግሌ ለጉልበቱና ለወገቡ ከመድኃኒት ቤት በእጁ ገዝቶ ዲክሎፌናክ እንደሚውጥ እናውቃለንና፣ ይህ ለአገራችን ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመድኃኒቱ ምርጫ ቀጥሎ የሚመጣው የትዕግሥት ነገር ነው። የራስ ምታት ክኒን በሰዓት ውስጥ ይሠራል፤ የድባቴ መድኃኒት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጥቅሙ ሳይታይ ጉዳቱ ብቻ ሊታይ ይችላል። ጥቅሙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ በአረጋውያን ላይ 8 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ለውጡንም ከታማሚው አስቀድሞ ቤተ ሰቡ ያየዋል፤ እንቅልፍ ይስተካከላል፣ ጉርሻ አይመለስም፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ ይረዝማል፤ እርሱ ራሱ ግን ገና «ምንም አልተሻለኝም» ይል ይሆናል። በዚህ መካከል «አልረዳኝም» ብሎ የሚተው ብዙ ነው፤ ከተሻለው በኋላ «ድኛለሁ» ብሎ የሚተውም ብዙ ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው የባሰ ያሳዝናል፤ ከደረሰበት መልካም ቦታ ተመልሶ ይወድቃልና። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ መድኃኒቱ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ቀድሞ ደጋግሞ የታመመ ሰው ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። ሲቆምም በሐኪም ምክር፣ መጠኑ በሳምንታት ውስጥ እየተቀነሰ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆምም። ከአለታ ወንዶ ወይም ከይርጋለም ማዶ ካለ ቀበሌ በየወሩ ለአንድ ክኒን መመላለስ ለጡረተኛ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሕመሙ ከረጋ በኋላ ቀጠሮውን ማራራቅ፣ ቤተ ሰቡም መድኃኒቱ ሳያልቅ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ስለ እንቅልፍ ክኒን አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ዲያዜፓም ድባቴን አያክምም፤ ሽማግሌን ያደነዝዛል፣ ይጥላል፣ ሱስም ይሆናል። አረቄውም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

እምነትንና መድኃኒትን የሚያጣሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ጸበል ከጀመረ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» የሚባለውን ምክር ሰምተው መድኃኒታቸውን የጣሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ በጸሎት ቤቶችም ተመሳሳይ ነገር ይሰማል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትም የፈጣሪ ሥራ እንደ ሆነ ያስተምራል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ አገራችን በገባ ጊዜም የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለድባቴም ይሠራል። የንስሐ አባት የሆናችሁ ካህናት፣ መጋቢዎችና ሼኾች፣ ሽማግሌው ለሐኪም ያልነገረውን ለእናንተ ይነግራችኋልና፣ «መድኃኒትህን እየዋጥህ ጸልይ» የሚለው ቃል ከአፋችሁ ሲወጣ ከእኔ ንግግር ሁሉ ይበልጣል።

የሞትን ነገር ደግሞ በዝምታ ማለፍ አይገባም። በብዙ የዓለም አገሮች ራሳቸውን የሚያጠፉት ሰዎች ከየዕድሜ ክፍላቸው ብዛት ጋር ሲመዛዘኑ፣ የሽማግሌ ወንዶች መጠን ከፍተኛ ነው። ሽማግሌው «ምነው በሞትሁ» ሲል «ተው እንዲህ አይባልም» ብሎ አፉን ከማስያዝ ይልቅ፣ ቀርቦ በአክብሮት «አባቴ፣ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ተሸክሞት የኖረውን ያወርድለታል። አዎን ካለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፣ ብቻውንም አይተውም። የመድኃኒቱ ማስቀመጫም በልጅ ወይም በሌላ ኃላፊ ሰው እጅ ይሁን፤ እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ የሚከማቸው ክኒን ከጥቂት ቀን ፍጆታ አይለፍ።

ክኒን ብቻውን ደግሞ ሰውን ሙሉ አያደርግም። መድኃኒቱ ከአልጋው ያነሣዋል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረውም፤ ያንን የሚሰጡት ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ የሠፈሩ ቡና፣ የሐይቁ ዳር የማለዳ ጉዞ፣ እንደ ጥንቱ በሽምግልና ተጠርቶ ፍርድ መስጠቱ ናቸው። ሲዳማ ጭሜሳ የሚለውን ሽማግሌውን፣ አማራውና ሌላውም ሽማግሌውን ከዛፍ ሥር አስቀምጦ ቃሉን መስማቱ ለማኅበሩ ሰላም ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌውም ልብ ጤና ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሽማግሌ አባት ወይም እናት ያላችሁ ሁሉ፣ ከላይ የዘረዘርኋቸውን ምልክቶች ካያችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉ፤ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የግፊቱንም፣ የስኳሩንም፣ ከመድኃኒት ቤት በእጅ የተገዛውንም፣ በአንድ ከረጢት ሰብስባችሁ አብራችኋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ከምትልኩት ገንዘብ ጋር ወላጃችሁን በየቀጠሮው የሚያደርስ ሰው ስም አስይዙ። የጤና ባለሙያዎችም አሚትሪፕቲሊንን ለሽማግሌ ከመጻፋችሁ በፊት ስለ ሽንቱ፣ ስለ ልቡና ስለ መውደቁ ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ወር ለቀጠሮው ካልመጣም ለቤተ ሰቡ ስልክ ደውሉ።